ሳይተያዩ በሲኒ የተዛመዱ ሰዎች

ሰውን ከሰው ጋር የሚያዛምደው ማሠሪያ ብዙ ነው። የሥጋ ዝምድና አለ፤ የጋብቻ ዝምድና አለ፤ የጡት ልጅነት፣ የክርስትና አባትነት፣ የማኅበርና የዕድር ወንድማማችነትም አለ። እነዚህን ሁሉ አባቶቻችን ያውቋቸዋል፤ ለያንዳንዱም ስምና ወግ አውጥተውለታል። በዘመናችን ግን ገና ስም ያልወጣለት አንድ ሌላ ዝምድና ተነሥቷል። ይኸውም አንድ ነገር አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች፣ አንዱ በኖርዌይ፣ አንዱ በኮርያ፣ አንዱ በአውስትራልያ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ በኢንተርኔት ብቻ እየተጻጻፉ የሚወዳጁበት ዝምድና ነው። የሚወዱት ነገር እግር ኳስ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ወለድ መጽሐፍ ወይም ሲኒማ ሊሆን ይችላል። እኛ ዛሬ የምንነጋገርባቸው ግን የቡና ወዳጆች ናቸው።

ይህን ጉዳይ ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ የሚያነሡት ነገር የመንግሥታትን ክርክር ወይም የገበያን ውጣ ውረድ ሳይሆን በየቤታቸው ያለውን ጥቃቅን ልማድ ነው። ጧት ከመኝታ ሲነሡ እጃቸው አስቀድሞ ምን እንደሚያነሣ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ፣ የቤታቸው ሰው ምን ብሎ እንደሚሥቅባቸው ይነጋገራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ከፍ አድርገው የሚያከብሩት የቡና ስም ከባሕር ማዶ የተገኘ አለመሆኑ ነው። ስሙ ጌሻ ይባላል፤ የወጣውም ከኛው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ቱምና ማጂ፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙት በዚሁ የቡና አገር ነው። በቱም ጧት ጀበናዋን የምትጥደው እመቤት የጎረቤቷ አገር ስም በሴኡልና በኦስሎ እንደ ንጉሥ ስም በአክብሮት እንደሚጠራ ምናልባት አልሰማች ይሆናል፤ እነርሱም ስለ እርሷ አልሰሙም።

እስቲ አስቀድመን የነዚህን ሰዎች ጠባይ እንመልከት። ብዙዎቹ የቢሮ ሠራተኞች፣ መሐንዲሶች፣ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ናቸው እንጂ ቡና ነጋዴዎች አይደሉም። አንድ ሲኒ ቡና ለማፍላት ግን ከወርቅ አንጥረኛ በማያንስ ጥንቃቄ ይሠራሉ። ቡናውን በሚዛን ይለካሉ፤ ሚዛኑም አንዱን ግራም ዐሥር ቦታ ከፍሎ የሚያሳይ ነው። የተለመደው መጠናቸው ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ቡና ነው፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቢጨመር ወይም ቢጎድል ምን እንደሚሆን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊከራከሩበት ይችላሉ። (ከከተሞቻችን አንዷ ስሟ ሚዛን ሆኖ ሳለ፣ በዚያች ከተማ ቡና በሚዛን ለክታ የምታፈላ እመቤት ብትፈለግ መገኘቷ ያጠራጥራል።) የማንቆርቆሪያቸው አፍንጫ እንደ ዝይ አንገት የቀጠነና የተቀለበሰ ነው። ውሃውን በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ያፈሱና ሰዓት ይዘው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ። በቅርብ ጊዜ የተቆላ ቡና በውስጡ ያመቀውን አየር እየተነፈሰ ሲነፋ ባዩ ጊዜ ደስታቸው የሕፃን ደስታ ነው፤ ይህንንም «ማበብ» ይሉታል።

ከመፍጨታቸው በፊት በፍሬው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ የሚያርከፈክፉ አሉ። ቡና በመፍጫ ውስጥ ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚፈጠርበት ዱቄቱ በየዕቃው ላይ ይጣበቃል፤ ጠብታዋ ይህን ታስቀራለች። ዘዴው ሮስ የተባለ አንድ የቡና ወዳጅ ለጓደኞቹ የጻፈው ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጆን ዌይስ የተባለው ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የቡናውን ዱቄት በቀጭን መርፌ እያማሰሉ ማስተካከልን ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ እርሱም በስሙ ቀረ። ቡናቸውን በትናንሽ ብልቃጥ እየመጠኑ በበረዶ ቤት የሚያኖሩም አሉ፤ ለእንግዳ ሲያወጡም እንደ አሮጌ የወይን ጠጅ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ። ቡናውን በቤታቸው ሊቆሉ የሚወዱት ሰዎች ደግሞ የፈንድሻ ማፈንጃ መኪና ገዝተው በቆሎውን ትተው ቡና ይቆሉበታል። እኛ ቡናና ፈንድሻ በአንድ ላይ እናቀርባለን፤ እነርሱ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ዕቃ አዋደዷቸው።

ሲቀምሱም ሌላ ነው። በማንኪያ እየቀዱ፣ አየር ከቡናው ጋር እንዲገባ ብለው፣ በታላቅ ድምፅ ፉት ይላሉ። በኛ አገር ልጅ እንዲህ አድርጎ ቢጠጣ እናቱ በዓይኗ ትቆጣዋለች። እነርሱ ግን ድምፁ ከፍ ያለውን «አዋቂ ነው» ይሉታል።

ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ከልብሳቸው ጋር ሚዛናቸውንና መፍጫቸውን በሻንጣ ይይዛሉ። ከዐማታቸው ቤት በተጋበዙ ጊዜ የሚቀርብላቸውን ቡና እንዴት አድርገው በትሕትና እንደሚጠጡት እርስ በርሳቸው ምክር ይጠያየቃሉ። አንዱ «እኔ ሳላስታውቅ በኪሴ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ» ብሎ ቢናዘዝ፣ ከዓለም ዳር ሌላው «እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ቃል ወዳጅነት ይጀመራል። ስለ ታላቅ ነገር መስማማት ብዙ ጊዜ ሰውን አያቀራርብም፤ በሞኝነት የሚቈጠርበትን ትንሽ ልማዱን ሌላው ሰው ደግሞ እንዳለው ሲሰማ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ ለመሣቅ ባትቸኩሉ መልካም ነው። ያ በፍሬው ላይ የሚረጭ ጠብታ ብዙ ዘመን መሣቂያ ሆኖ ኖሮ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር መርምረውት እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሃው የኤሌክትሪኩን ኃይል እንደሚቀንስ በመሣሪያ ለክተው አሳይተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦስሎ ከተማ ኤሮፕሬስ በሚባለው የቡና ማፍያ ማን የተሻለ ያፈላል ተብሎ ውድድር ቢደረግ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያ ውድድር ዛሬ የዓለም ውድድር ተብሎ ከብዙ አገር ሰው ይመጣበታል። ከጓደኛሞች ጨዋታ የተወለደ ነገር ወዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ደግሞስ የኛ ቤት ልማድ ከነርሱ ልማድ በምን ያንሳል? በቱም ወይም በቴፒ አንዱ ቤት ገብታችሁ ከረከቦቱ አጠገብ ብትቀመጡ የምታዩት ያው ነው። አንዲቱ እመቤት ጀበናው ከእሳት ከወረደ በኋላ ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋ ካላሰከነችው አትቀዳም። ሌላዪቱ ከራሷ ሲኒ በቀር በሌላ ብትጠጣ ቡና የጠጣች አይመስላትም። አንዱ ጌታ ጨው ካልገባበት አይቀምስም፤ ጎረቤቱ ስኳር ይወዳል፤ ሦስተኛው ጤና አዳም ካልተነከረበት ቡናው ራሱን ያዞረዋል። በገጠር ቅቤ የሚጨምሩበት አሉ። በጉጂና በቦረና አገር ደግሞ የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው ቡና ቀላ ብለው ይበሉታል፤ ለምርቃትም ያቀርቡታል። ከቀጭኑ የጀበና አፍ ቡናውን ከፍ አድርጎ፣ ሳያቋርጥ፣ ከሲኒ ሲኒ ሳያንጠባጥብ ማውረድ የዝይ አንገት ካለው ማንቆርቆሪያ የበለጠ እጅ ይጠይቃል። ቡናውን ሳይቀምሱ በቁሌቱ ሽታ ብቻ «ይህ አርሯል» የሚሉ አሮጊቶች ቴርሞሜትር ምን ያደርግላቸዋል?

ይህ ሁሉ ልማድ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ አይምሰላችሁ። በሰሜኑ ክፍል ያለው ክርስቲያን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ድረስ ቡና መጠጣትን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበር። ዛሬ ግን በጎንደርም በጎጃምም ያለ ቡና የሚያድር ጎረቤት የለም። ልማድ ይሰደዳል፤ ይገባል፤ የቤት ልጅ ይሆናል።

በደቡብ ምዕራቡ አገር ግን ከጀበናው ቡና ሌላ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ስለ እርሱም ትንሽ ልንቈይ እንወዳለን። በቤንችና በሸካ፣ በዙሪያቸውም ባለው አገር ሰዎች ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉን ይጠጣሉ። መጠጡ ጨሞ ይባላል። የቡናውን ቅጠል ቀጥፈው፣ ወቅጠው ወይም ቈራርጠው፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ፣ ከሌላም የጓሮ ቅመም ጋር አፍልተው ጧት በቅል ይጠጡታል። የሚያቃጥል፣ የሚያነቃ፣ ብርድን የሚያባርር ነው። የቴፒ አገር የዝንጅብል፣ የእርድ፣ የቁንዶ በርበሬና የኮረሪማ አገር ስለ ሆነ ቅመሙ ከሩቅ አይፈለግም። እያንዳንዱም ቤት የራሱ መጠን አለው፤ የአንዲቱ እናት ጨሞ ከጎረቤቷ ጨሞ ይለያል፤ ልጆቿም በሩቅ አገር ሲናፍቁ የሚናፍቁት ያንኑ የእናታቸውን ነው። ቅጠል መጠጣት በሌላውም ማዕዘን አለ፤ ሐረሮች ቁጢ የሚሉት ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ አላቸው፤ የእነርሱ ግን በወተትና በጨው የሚለሰልስ እንጂ በሚጥሚጣ የሚነድ አይደለም።

የባሕር ማዶዎቹ ወዳጆች ይህን የቅጠል መጠጥ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የአውሮፓ ኮሚሲዮን የቡና ቅጠል ፍል በአውሮፓ አገሮች እንዲሸጥ፣ ከሌላ አገር የመጣ የጥንት ምግብ ነው ብሎ የፈቀደው ሰኔ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ጨሞ የሚጠጡት አያቶች በዚህ ፈቃድ ሳይሆን በራሳቸው ፈቃድ ሲጠጡ እንደ ኖሩ የታወቀ ነው። በዚያው ሳምንት የሆነው ሌላው ነገር ግን የሚያሳዝን ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን በአዲስ አበባ ከተገደለና ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላው ኢትዮጵያ ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቈየ። ስለዚህ የቡና ቅጠል በአውሮፓ ሕግ ስሙ በተጻፈበት ቀን የቅጠሉ ባለቤቶች ወሬውን የሚሰሙበት መንገድ አልነበራቸውም።

የዚህ የሩቅ ወዳጅነት ድካሙም በዚሁ ይታወቃል። በኛ መንደር አንዲት ሴት ከቡና ላይ ሁለት ቀን ከቀረች ጎረቤቶቿ «እገሊት ምነው?» ይላሉ፤ ልጅ ይላካል፤ ታማ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ተጣልታ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይገባል። የቡና ጠጡ ትልቁ ሥራ ቡናው ሳይሆን ይህ ነው። በመስመር ብቻ የሚተዋወቅ ወዳጅ ግን በድንገት ዝም ሲል፣ መስመሩ ይቈረጥ፣ ይታመም፣ ይሙት፣ ወይም ይሰልች፣ በሩን የሚያንኳኳለት የለም። የሚወደውን መፍጫ፣ ውሃውን ስንት ዲግሪ እንደሚያሞቅ፣ ሚስቱ ምን እንደምትለው አሳምረው ያውቃሉ፤ ሰፈሩን ግን አያውቁም። አንዳንዶቹ ስሙንም እንኳ በትክክል አያውቁትም። ይህንን ጉድለት ራሳቸው ያውቁታልና አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ቡና በየቤታቸው አፍልተው፣ እየተያዩ ለመጠጣት ይሞክራሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሆፍማን የተባለው እንግሊዛዊ የቡና ጸሐፊ አንድን የኢትዮጵያ ቡና በሦስት የተለያየ መንገድ ካፌይኑን አስወጥቶ፣ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ከነሙሉው ጋር እያነጻጸሩ በአንድ ላይ እንዲቀምሱት አድርጓል። ቡና ጠጡ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ቄጤማውና ዕጣኑ ብቻ ቀረ።

አሁን ወደ ጌሻ ነገር እንመለስ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በማጂ ቆንስላ ነበራቸው። በዚያው ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጌሻ ከሚባለው ስፍራ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ቅኝ ግዛቶች ተላከ። በታንጋኒካ ልያሙንጉ በሚባል የምርምር ጣቢያ ተተክሎ ከቈየ በኋላ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ በመዝገብም ቍጥር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ከዚያም የቅጠል ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ወደ ፓናማ ገባ። የፓናማ ገበሬዎች ግን አልወደዱትም፤ ዛፉ ረጅም፣ ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ፍሬውም ጥቂት ነበርና። ከሌላው ቡና ጋር እየተደባለቀ ዐርባ ዓመት ያህል ስሙ ሳይጠራ ኖረ።

በ2004 እ.ኤ.አ. ፒተርሰን የሚባሉ ቤተ ሰዎች ላ ኤስሜራልዳ በተባለው እርሻቸው ያለውን ጌሻ ለብቻው ለይተው በፓናማ የቡና ውድድር ላይ አቀረቡት። ዳኞቹ ሲቀምሱት የአበባና የሎሚ ሽታ ያለው ሆኖ አገኙትና ተገረሙ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህ በዚያን ጊዜ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው አልቆመም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በፓናማ አንዱ ፓውንድ 1,029 ዶላር አወጣ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚያው የላ ኤስሜራልዳ ጌሻ አንዱ ኪሎ በ30,204 ዶላር ተሸጠ። የሩቅ ወዳጆቹም ጌሻ የጠጡበትን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ያስታውሱታል። ጥቂት ግራም በውድ ገዝተው፣ «ዛሬ ልከፍተው ነው» ብለው ለጓደኞቻቸው አስቀድመው ይነግራሉ፤ ጓደኞቻቸውም «እጅህ አይንቀጥቀጥ» ብለው ይጽፉላቸዋል።

ስለ አጻጻፉም ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን በጃፓን አገር ዘፋኞች የሆኑትን ሴቶች ስም አስመስሎ «ጌይሻ» ይላል፤ ሁለተኛው «የቦታ ስም ነውና ጌሻ በሉ» ይላል። ብዙ ሰው ቡናው የጃፓን ነው ብሎ ይሳሳታል። ኢትዮጵያ ለይርጋ ጨፌ፣ ለሐረርና ለሲዳሞ ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ብዙ ተከራክራ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ጌሻ ግን በእነዚያ ሦስት ስሞች ውስጥ አልነበረም። የሆነው ሆኖ በአገሩ ላይ፣ በቀድሞው የቤንች ማጂ ግዛት፣ ጌሻ ቪሌጅ የተባለ እርሻ በ2011 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ወዲህ ቡናው በተወለደበት ምድር ስም ደግሞ ለዓለም መሸጥ ጀምሯል።

ገንዘቡን ለነጋዴዎች እንተወው፤ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። የቱምና የሚዛን ወጣት ዛሬ የእጅ ስልክ ይዟል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ስለ ጌሻ፣ ስለ ግራምና ስለ ዲግሪ ከባሕር ማዶ ሰዎች ያነባል፤ አንዳንዱም ከነርሱ ጋር ይጻጻፋል። ወላጆቹ ይህን ሲያዩ «ከማያውቀው ሰው ጋር ምን ይዶልታል?» ብለው ይቈጣሉ። ቁጣቸው በከንቱ አይደለም፤ በማይታይ ሰው ላይ መተማመን አደጋ አለው፤ ገንዘብ ላክልኝ የሚል ወዳጅ ከመጣ ወዳጅነቱ ያን ጊዜ እንዳበቃ ልጅ ሊነገረው ይገባል። ይሁን እንጂ እኛን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ልጁ ለሩቅ ወዳጆቹ የሚነግራቸው የራሱ ነገር ያጣ እንደ ሆነ ነው። እነርሱ ጥቃቅን የቤታቸውን ልማድ ሳያፍሩ ሲያወሩ፣ እርሱ ስለ እናቱ ጨሞ ዝም ይላል፤ የገጠር መጠጥ ነው ብሎ ያፍራልና። በዚህ ዓይነት የጌሻ ዘር ከአገር እንደ ወጣ ሁሉ፣ የጨሞውም ዕውቀት ሳይመዘገብ ሊጠፋ ነው። ዘሩንስ ወሰዱት፤ ዕውቀቱ ግን የሚጠፋው ማንም ሳይወስደው፣ እናት ዐርፋ ልጅ ሳይጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ ለቤቱ ጌቶች አንድ ነገር ብንል ቅር እንዳይላችሁ እንለምናለን። ከሩቅ ወዳጆቹ ልማድ ውስጥ እጅግ ያስደነቀን ሚዛኑም መርፌውም አይደለም፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ወንዶች ሆነው ሳሉ ቡናቸውን በገዛ እጃቸው ፈጭተው፣ አፍልተው፣ ሲኒውንም አጥበው ማስቀመጣቸው ነው። በኛ ቤት ቡናው ሦስት ጊዜ ሲፈላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል፣ እሳቱን የምታራግበው፣ ውሃውን የምታመጣው፣ ሲኒውን የምታጥበው ሴት ልጅ ናት። ወንድሙ በዚያ ሰዓት መጽሐፉን ይዟል፤ እርሷ ግን ጭስ ይዟታል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ጎረቤት የሚተያይበትን ነገር ማን ይቅር ይላል? ነገር ግን የፈተና ሰሞን እንኳ ቢሆን ወንድሟ ሲኒውን ቢያጥብ፣ ወይም የቤቱ ጌታ ራሱ በአንድ እሑድ ቡናውን ቢቆላ፣ ክብሩ የሚቀንስ አይደለም። በኦስሎ አንድ መሐንዲስ በዚህ ሲኮራ እናያለንና።

እነርሱም ከኛ የሚማሩት አለ። ያን ሁሉ ለክተው፣ ጠብቀው፣ አርከፍክፈው የሚያፈሉት ቡና አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ ነው። ብቻቸውን አፍልተው ብቻቸውን ይጠጡታል፤ ከዚያም ለሩቅ ወዳጃቸው ይጽፋሉ። በአጠገባቸው ያለውን ጎረቤት ስሙን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ለአንድ ሰው ብቻ ጀበና መጣድ በኛ ዘንድ የሐዘን ያህል የሚቈጠር ነገር መሆኑን ልጆቻችን ቢጽፉላቸው፣ ከ60 ግራሙ ክርክር ይልቅ የሚያስገርማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ በቱም ወይም በቴፒ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከባሕር ማዶ የቡና ወዳጆች ጋር የምትጻጻፍ ብትሆን፣ ስልኩን ከእጇ ከመቀማታችሁ በፊት አንድ ሥራ ስጧት። እናቷ ወይም አያቷ ጨሞ በሚያፈሉበት ጧት ከአጠገባቸው ትቀመጥ። ቅጠሉ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደሚቀጠፍ፣ ለጋው ይሁን የጠናው፣ ከእሳት አስቀድሞ ይወቀጥ ወይም ይቈረጥ፣ ዝንጅብሉ መቼ እንደሚገባ፣ እሳቱ ምን ያህል እንደሚቈይ ትጻፍ። መጠኑን ብትጠይቃቸው «እጄ ያውቀዋል» እንደሚሏት የታወቀ ነው፤ ያንኑ እፍኝ ቅጠል ከጨዋማው ወይም ከቅመም ሻጩ ሚዛን ላይ ታሳርፈው። አንድ ጧት አይበቃም፤ ሦስት ጧት ትመዝን፤ የእናት እጅ ምን ያህል እንደማይሳሳት ያን ጊዜ ታየዋለች። የጻፈችውን ለአያቷ መልሳ ታንብብላቸው፤ ያርሟታል፤ የረሱትንም ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ ለሩቅ ወዳጆቿ ትላከው፤ የአገሩን ስም ጌሻ ወይም ጌይሻ ብለው ለሚከራከሩት፣ የራሷንም ከተማ ስም ቱም ብላ ከላይ ትጻፍበት። ሚጥሚጣውን ግን በእናቷ መጠን አትጻፍላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ግማሹ ይበቃል።